ለኮምፒውተር ቡድኑ ቆጣቢ፣ ለሠርጉ በታኝ!

«ለሌለ ቡድን ሳንቲም ይቆጥራል፤ ለሠርጋችን ሲሆን ግን ኪሱ ቀዳዳ ነው!»

ይህን ያለችን በካናዳ፣ ቶሮንቶ የምትኖር አንዲት ወጣት ሐበሻ ናት። እጮኛዋ ከጓደኞቹ ጋር የኮምፒውተር አይስ ሆኪ ሊግ ይጫወታል። እያንዳንዱ አንድ ቡድን ይመራል፤ ግጥሚያውን ፕሮግራሙ ራሱ ያካሂደዋል። የሰውየው ሥራ ተጫዋች መግዛትና በጀት መጠበቅ ነው።

በጀቱ ደግሞ ቀልድ አይደለም። በእውነተኛው የሰሜን አሜሪካ ሊግ፣ በኤን ኤች ኤል፣ ሀብታም ክለብ ኮከቦቹን ሁሉ ሰብስቦ መያዝ አይችልም። የ2004-05 ውድድር በክለብ ባለቤቶችና በተጫዋቾች ውዝግብ ሙሉ በሙሉ ከተሰረዘ በኋላ የደመወዝ ጣሪያ ወጣ። መጀመሪያ 39 ሚሊዮን ዶላር ነበር፤ ለ2025-26 ውድድር 95.5 ሚሊዮን ደረሰ። ለአንድ ተጫዋች ከጣሪያው 20 በመቶ በላይ መክፈል ክልክል ነው። የእነ ልጁም ሊግ የሚመራው በዚሁ ሕግ ነው።

ፈተናው ጁላይ 1 ቀን ይመጣል። ኮንትራታቸው ያለቀ ተጫዋቾች ገበያ ይወጣሉ። ሁሉም ይሻማል፤ ዋጋው ይሰቀላል። ጀማሪው «እንዳያመልጠኝ!» ብሎ የ30 ዓመቱን ኮከብ በዓመት 6 ሚሊዮን ለ6 ዓመት ያስፈርማል። ሦስት ዓመት አልፎ እግሩ ሲከብድስ? ተጫዋቹን ቢያሰናብቱትም ዕዳው አይሰናበትም! ከቀረው 18 ሚሊዮን ሁለት ሦስተኛው፣ ማለትም 12 ሚሊዮኑ፣ በቀሪው ዘመን እጥፍ፣ በ6 ዓመት ተከፋፍሎ ይከፈላል። ለማይጫወት ሰው በየዓመቱ 2 ሚሊዮን ከጣሪያው ይበላል!

የኛ ሰው ይህን አሳምሮ ያውቃል። ጁላይ 1 እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል፤ ግርግሩ ሲበርድ የተረፉትን በርካሽ ይለቅማል። ጎበዝ ነው!

ሠርጉ ላይ ግን ሌላ ሰው ሆነ። «ሰው ምን ይለኛል?» እያለ ለትልቅ አዳራሽ ቀብድ ከፈለ፤ ሊሞዚን ያዘ፤ ለአምስት መቶ ሰው ድግስ አዘዘ። ሁሉንም በክሬዲት ካርድ! እሷ ስታሰላው ዕዳው ሦስት ዓመት የሚያስኬድ ሆኖ አገኘችው። አንድ ምሽት ቀለበቷን አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«አንተን እንጂ ዕዳህን አላገባም!»

ከዚያም የቡድኑን የበጀት ሠንጠረዥ በኮምፒውተሩ ከፍታ ጠየቀችው። «ይሄ አዳራሽ ተጫዋች ቢሆን ኖሮ ታስፈርመው ነበር?»

ዝም አለ። ምን ይበል?

በማግስቱ ለሠርጉ ጣሪያ አወጡ። ሊሞዚኑ ቀረ፤ ተጠሪው በግማሽ ተቀነሰ፤ አዳራሹም ተሰረዘ። ቀብዱ ግን ቀልጦ ቀረ። ለማይጫወት ተጫዋች የሚከፈለው ማለት ይኸው አይደል? ቀለበቱስ? ወደ ጣቷ ተመልሷል።

እናንተስ ወጣቶች? ሠርግ ባትደግሱም ሞባይል ትገዛላችሁ፤ ቤት ትከራያላችሁ። እንግዲህ፦

ገበያ ከመውጣታችሁ በፊት ጣሪያችሁን አውጡ። ከወጣችሁ በኋላ የሚወስነው ሻጩ ነው።

«ስንት ነው?» ብቻ ሳይሆን «እስከ መቼ እከፍላለሁ?» ብላችሁ ጠይቁ።

ሁሉም በሚሻማበት ቀን ቤታችሁ ተቀመጡ።

እንደ ቤትህ እንጂ እንደ ጎረቤትህ አትኑር ይባል የለ? ለሆኪም ይሠራል!