ዕቁብ ደርሷል፤ የቱ ሌንስ ይገዛ?

ዳንግላ ውስጥ ሠርግ በማንሳት የሚተዳደር አንድ ወጣት አለ። ስሙን እንተወው። አንድ ጥር ላይ ሙሽሪት ከቤት ልትወጣ ስትል የአያቷን ጉልበት ሳመች፤ አሮጊቷም እጃቸውን ዘርግተው መረቁ። ልጁ ደጋግሞ አነሳ። ማታ በኮምፒዩተር ሲከፍተው የአሮጊቷ እጅ ጭስ መስሏል፤ ፊታቸውም ደብዝዟል። በዚያው ክረምት አሮጊቷ አረፉ። ቤተሰቡ ለለቅሶው ፎቶ ፍለጋ ወደሱ መጣ። ምን ይስጣቸው?

ከዚያ ወዲህ ዕቁብ ደረሰው። ብሩ አንድ ሌንስ ይገዛል፤ ሁለት አይሞክርም። ካሜራው አነስተኛዋ ኒኮን ናት፤ ላይዋ ላይ ያለው አብሯት የመጣው 18-55 ነው። በረጅሙ 18-140 እና በ17-50 ኤፍ 2.8 መካከል ልቡ ተከፈለ።

ጓደኞቹ በአንድ አፍ «ረጅሙን!» አሉት። ምክንያት አላቸው። ጥር 23 እንጅባራ ላይ የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች በዓል ይከበራል፤ ያጌጠ ፈረስ ሲጋልብ ከሩቅ ስቦ ማንሳት የማይወድ ማን አለ?

ልጁ ግን አላረፈም። እንጅባራ ሄዶ ከፊልም ዘመን ጀምሮ ፎቶ ሲያነሱ የኖሩ አንድ አዛውንት አማከረ።

«ልጄ፣ ያመለጠህ ፎቶ የቱ ነው? ፈረሱ ነው ወይስ አሮጊቷ?»

«አሮጊቷ ናቸው፣ ጋሼ።»

«እንግዲያው እሳቸውን የሚይዝልህን ግዛ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ሌንስ ላይ ኤፍ ተብሎ የሚጻፈው ቁጥር ብርሃን የሚገባበትን ቀዳዳ ስፋት ይነግረናል። ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል፤ (ይሄ የተገላቢጦሽ ነገር ስንቱን አደናግሯል!)። 18-55ም ሆነ 18-140 ሰውን ለማቅረብ ሲሳቡ ቀዳዳቸው እስከ 5.6 ይጠብባል። ያኛው 17-50 ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ 2.8 ነው። ልዩነቱ አራት እጥፍ ብርሃን ነው። አንድ አምፖል በተንጠለጠለበት ቤት በ5.6 የሰከንድ 15ኛ የሚፈጅ ፎቶ፣ በ2.8 60ኛ ይበቃዋል። በ15ኛ የሚመርቅ እጅ ይጠፋል፤ በ60ኛ ብዙውን ጊዜ ይተርፋል።

«ረጅሙ እኮ ንዝረት መከላከያ አለው» ትሉ ይሆናል። አለው፤ የሚከላከለው ግን የፎቶ አንሺውን እጅ ንዝረት እንጂ የአሮጊቷን እንቅስቃሴ አይደለም። አይኤስኦውን መጨመርም ይቻላል፤ ብዙ ሲጨምሩት ግን ፊት ላይ አሸዋ የተበተነ ይመስላል። ፍላሽስ? ወደ ነጭ ኮርኒስ ተኩሰው ሲያንጸባርቁት ግሩም ነው። ጣሪያው በጭስ የጠቆረ ከሆነ ግን ምኑን ያንጸባርቃል?

ለፈረሱስ? እውነቱን እንናገር፣ ጉግሱን ከሩቅ ለመያዝ 50 አይበቃም። ሆኖም በዓሉ ሜዳ ላይ ነው፤ በጥር ፀሐይ ብርሃን ሞልቷል። ፈረሰኞቹ ከመጋለባቸው በፊት ተሰልፈው ሲቆሙ ጠጋ ብሎ ማንሳት ይቻላል። መጋለቢያው ላይ ግን እንዳትቆሙ! አቧራው ውስጥም ሌንስ አትቀያይሩ። እንጀራችሁ ፈረሱና የዘንገና ሐይቅ ጎብኚ ከሆነ ግን ጓደኞቹ ልክ ናቸው፤ ረጅሙን ግዙ።

ዋጋ አልጠቅስም፤ ጋዜጣው እጃችሁ እስኪገባ ይለወጣል። እነዚህን 17-50ዎች በአብዛኛው የምታገኙት ያገለገሉ ሆነው ነው፤ ስለዚህ ካሜራችሁን ሳትይዙ ለግዢ አትሂዱ። የቀድሞው ታምሮን ሞተር የሌለው ዓይነት አለው። እንደ ዲ3100 ባሉ ኒኮኖች ላይ ይገጥማል፤ ፎከሱን ግን በእጅ ካላዞራችሁት አይሠራም። ሻጩ ይህን አይነግራችሁም። በ2.8 ከፍታችሁ ጋዜጣ አንሱና ፊደሉ በመሃልም በዳርም ይነበብ እንደሆነ እዩ። ከዚያ በባትሪ ከኋላ አብርታችሁ ውስጡን ተመልከቱ። እንደ ሸረሪት ድር ያለ ነገር ካያችሁ ሻጋታ ነውና መልሱለት። የእንጅባራን ጉምና ዝናብ የሚያውቅ ሰው በዚህ አይቀልድም። ከብርዱ ወጥታችሁ ሰው ወደሞላበት ሞቃት ቤት ስትገቡም ካሜራውን ለጥቂት ጊዜ ከነቦርሳው ተዉት፤ አለበለዚያ መስተዋቱ ላብ ያወጣና ሙሽሪት ታመልጣችኋለች።

ልጁ 17-50ውን ገዛ። ያቺን የደበዘዘች ፎቶ ደግሞ በትልቁ አሳጥቦ ለቤተሰቡ በነፃ ሰጠ። ሳሎናቸው ውስጥ ሰቅለዋታል።