የተመራማሪው እውቀት ሜዳ ላይ ለሚያድረው ሠራተኛ ይድረስ

አብርሃ ጅራ የምዕራብ አርማጭሆ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። በሰሊጥ፣ በማሽላና በጥጥ እርሻው የታወቀው ይህ ቆላ፣ የአረምና የአጨዳ ወራት በደረሱ ቁጥር ከደጋና ከወይና ደጋ የሚወርዱ በርካታ የቀን ሠራተኞችን ያስተናግዳል። ሠራተኛው ቀኑን በእርሻ ሲደክም ውሎ፣ ሌሊት ብዙውን ጊዜ ሜዳ ላይ ወይም ግራር ሥር ያድራል።

በዚህ ቆላ ካላዛር የተባለውን በሽታ የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ፣ ከተሰነጣጠቀ ዋልካ አፈርና ከግራር ዛፍ ጋር የተቆራኘች መሆኗን ተመራማሪዎች ደርሰውበታል። ከወባ ትንኝ ታንሳለች፤ ድምፅ አታሰማም፤ በአብዛኛው የምትነድፈውም ሌሊት ነው። በሽታው ጣፊያንና ጉበትን ያሳብጣል፤ ሰውነትን ያመነምናል፤ ካልታከመም ከ100 ሕሙማን ከ95 በላይ የሚሆኑትን ይገድላል።

ይህ ሁሉ በውጭ ቋንቋና በሙያ ቃላት ተጽፎ በምርምር መጽሔቶች ወጥቷል። ማጭድ ይዞ የወረደው ወጣት ግን መጽሔቱን አያገኘውም፤ ቢያገኘውም አያነበውም። የነፍሳቷ ስም እንኳ ያሳስታል። «ከአሸዋ ዝንብ ተጠንቀቅ» የተባለ ሰው አሸዋ ይፈልጋል እንጂ የተኛበትን ጥቁር አፈር አይጠረጥርም።

ሌላም ችግር አለ። የሕመሙ ምልክት አብዛኛውን ጊዜ የሚታየው ከተነደፉ ከ2 እስከ 6 ወራት ቆይቶ፣ ሠራተኛው አገሩ ከተመለሰ በኋላ ነው። በ1997 ዓ.ም. በሊቦ ከምከም ወረዳ ወረርሽኝ በተነሣ ጊዜ ሕመሙ በመጀመሪያ ወባ መስሎ ነበር። በሽታውን ያመጡት ከቆላ የተመለሱ ሠራተኞች ሳይሆኑ እንደማይቀሩ አጥኚዎች ገምተዋል።

ስለዚህ ትምህርቱ በሁለቱም ቦታ መሰጠት ይገባዋል። በቆላው እርሻ፣ ከግራርና ከተሰነጠቀ መሬት ርቆ በአጎበር ውስጥ መተኛት እንደሚበጅ በቃል ይነገር፤ አጎበር ለመስቀል ካስማ የሌለው ሠራተኛ ምን እንደሚቸግረውም ይደመጥ። በደጋው ቀበሌ ደግሞ፣ ቆላ ወርዶ የተመለሰ ሰው ትኩሳቱ ከ2 ሳምንት ካለፈ የወባ መድኃኒት ብቻ እየዋጠ ሳይቆይ ወደ ጤና ጣቢያ ሄዶ የት እንደ ሠራ እንዲናገር ይመከር።

የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በዚህ በሽታ ላይ ለዓመታት ሠርተዋል። እውቀቱን ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች፣ ከእርሻ ባለቤቶችና ከሃይማኖት አባቶች ጋር ሆኖ ሠራተኛው በሚገባው ቃል ማድረስ የምርምሩ አንድ ክፍል እንጂ ትርፍ ሥራ ተደርጎ ሊታይ አይገባም።