ዘር የሚወዳደርበት ሜዳ

የዘር ትርኢት ሜዳ ላይ ይውላል። ገበሬዎች ከየጎጣቸው ያቆዩትን ዘር በቅል፣ በሰፌድና በትንንሽ ከረጢት ይዘው ይመጡና ጆንያ አንጥፈው ይደረድሩታል። ወዲያው ጥያቄው ይጀምራል፦ ይህ ገብስ በስንት ወር ይደርሳል? ውርጭ ይችላል? ለጠላ ነው ወይስ ለቆሎ? ጠያቂውም መላሹም ገበሬ ነው። ብዙ ዓይነት ዘር ሳያጠፋ ያቆየ ይሸለማል፤ ከዚያ አንዱ የሌለውን ከሌላው በእፍኝ እየዘገነ ይለዋወጣል። ስለ ተፈጥሮ ግብርናና ስለ አገር ምግብ ከሚዘጋጁት መድረኮች ሁሉ ከመሠረቱ የሚነሣው ይህ ነው። ያለ ኬሚካል መብቀል የለመደው ዘር ከጠፋ በኋላ ስለ ተፈጥሮ እህል ቢወራ ምን ይተርፋል?

ዘር በገበሬው እጅ ይቆይ የሚለውን ሐሳብ በኢትዮጵያ ካጸኑት ሰዎች ቀዳሚው ዶክተር መላኩ ወረደ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1976 የተቋቋመውን የእጽዋት ዘረ መል ማዕከል ለዓመታት መርተዋል። ማዕከሉ ዛሬ የኢትዮጵያ ብዝኀ ሕይወት ኢንስቲትዩት ሆኗል፤ ከ80,000 በላይ የዘር ናሙናም በቀዝቃዛ ክፍል ይዟል። መላኩ ግን ቀዝቃዛ ክፍል ብቻውን እንደማይበቃ ያምኑ ነበር። ክፍሉ ውስጥ የገባ ዘር ይቆያል እንጂ ከዝናቡ፣ ከተባዩና ከዋጉ ጋር እየታገለ አይለወጥም፤ ያ የሚሆነው ማሳ ላይ ነው። የ1977 ዓ.ም. ድርቅ ደግሞ ለዘር የተቀመጠውን ሳይቀር አስበልቶ ስለነበር ጉዳዩ የሕልውና ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1989 ከአንድ የካናዳ ድርጅት ጋር ገበሬው ነባር ዘሩን በማሳው እንዲጠብቅ የሚያግዝ ሥራ ተጀመረ፤ በዚያው ዓመት መላኩ «አማራጭ ኖቤል» የሚባለውን ሽልማት ተቀበሉ። የማኅበረሰብ የዘር ባንኮችም ተከተሉ፤ በምሥራቅ ሸዋ ኤጄሬ ያለው አንዱ ነው። በእነዚህ ባንኮች አባሉ በዘር ወቅት ተበድሮ ይዘራል፤ ሲያመርት ከወሰደው ላይ ጥቂት ጨምሮ ይመልሳል።

ደቡብ ጎንደር ለእንዲህ ያለ ትርኢት የታደለ አገር ነው። ከጣና ዳር፣ 1,800 ሜትር ግድም ካለው የፎገራ ሜዳ ተነሥቶ ወደ ምሥራቅ የሚወጣ ሰው ደብረ ታቦርን 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ያገኛታል፤ ከእሷም በላይ ጉና አለ፣ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ። ታች ሩዝና ጤፍ፣ መካከል ስንዴ፣ ባቄላና ድንች፣ ላይ ገብስ። ሩዙ የትናንት እንግዳ ነው፤ በደርግ ዘመን ከሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ጋር ፎገራ ገባ፣ ዛሬ በዚያው ብሔራዊ የምርምር ማዕከል አለው። ድንቹንም በ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ጀርመናዊው የእጽዋት ተመራማሪ ሺምፐር ወደ ኢትዮጵያ እንዳስገባው ይነገራል። አገሩ እንግዳ ዘር መቀበል ያውቅበታል። የሚያሳስበው እንግዳውን ሲቀበል ነባሩን እንዳይለቅ ነው።

ነባር ሲባል ምን ማለት እንደሆነ ለማየት በደጋው የሚዘራውን የስንዴና የገብስ ቅይጥ ጠጋ ብሎ ማየት ይበቃል። ገበሬው ሁለቱን ቀላቅሎ በአንድ ማሳ ይዘራል፣ አንድ ላይ ያጭዳል፣ አንድ ላይ ይወቃል፤ ከዚያው ላይ ለከርሞ ዘር ያስቀምጣል። በትግራይና በኤርትራ ሃንፈጽ ይባላል። ዝናቡ ቶሎ ካቋረጠ ገብሱ ያመልጣል፤ ክረምቱ ከረዘመ ስንዴው ይበረታል። ስለዚህ ጎተራ በሚገባው ዘር ውስጥ የሁለቱ ድርሻ ከዓመት ዓመት እንደ ሰማዩ ይለዋወጣል፣ ማንም ሳይሰፍረው። ዱቄቱም ጠባይ አለው፦ የገብስ ዳቦ ብቻውን ይፈረፈራል፣ ስንዴ ሲገባበት ሊጡ ይያያዛል። አሌክስ ማክአልቬይና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2022 ባሳተሙት ጥናት እንዲህ ያለው ቅይጥ ቢያንስ በ27 አገሮች እንደሚታወቅ አሳይተዋል። በብዙ ቦታ ቀርቷል፤ የኢትዮጵያ ደገኛ ግን ዛሬም ይዘራዋል። ጥሩ ማሳ አንድ ዓይነት ብቻ የበቀለበት ነው በሚል ሚዛን ይህን ቅይጥ እንደ ጉድለት መቁጠር ትልቅ ስሕተት ነው።

ከነባሩ መካከል ግብጦ የሚባለው ጥራጥሬም አለ። ማዳበሪያ አይጠይቅም፤ እንዲያውም ናይትሮጅንን ከአየር ወደ አፈር ያስገባል፣ ሌላ ሰብል እንቢ ባለው መሬት ላይም ይበቅላል። ፍሬው ግን መራራ ነው። ተቆልቶ ለቀናት ውኃ ውስጥ ይዘፈዘፋል፣ ውኃው እየተቀየረ ምሬቱ ይወጣል፣ ከዚያ ቅርፊቱ ተልጦ ከጠላና ከአረቄ ጋር ይቀርባል። ትርኢቱ ላይ ባል ስለ ማሳው ሲናገር ሚስት ስለ አቆላሉ፣ ስለ ዝፍዘፋውና ስለ ድፍድፉ ካልተናገረች የዘሩ እውቀት ግማሹ ይቀራል።

ገብሱማ ከአገር አልፎ ሄዷል። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ከኢትዮጵያ በተወሰደ ነባር ገብስ ውስጥ የተገኘ አንድ ዘረ መል፣ ሳይንቲስቶች ኤምኤልኦ-11 የሚሉት፣ የአውሮፓን ገብስ ቅጠሉን ዱቄት ከሚያለብሰው ሻጋታ ለአሥርት ዓመታት ጠብቋል። በአንድ ገበሬ ከረጢት ውስጥ ያለ እፍኝ እህል ምን ሊይዝ እንደሚችል ከዚህ የተሻለ ምስክር አይገኝም።

ዘሩ ብቻውን ግን አይበቃም፤ አፈሩም መብላት አለበት። ደጋው የሚቸገረው እዚህ ላይ ነው። ማገዶ ባጠረበት ቤት ፍጉ ኩበት ሆኖ ምድጃ ይገባል፣ ማሳው ይራባል። በትግራይ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ ዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔርና ሱ ኤድዋርድስ ከክልሉ ግብርና ቢሮ ጋር ያስፋፉት ኮምፖስት ለዚህ የሚሆን ትምህርት አለው፦ አረም፣ ገለባ፣ አመድና ጥቂት ፍግ ጉድጓድ ውስጥ ተደራርበው ይብላላሉ፤ ፍጉ ብቻውን ከሚያዳርሰው ይልቅ ብዙ መሬት ያዳርሳል። ኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 488/1998 የተፈጥሮ ግብርናን በሕግ ደንግጋለች፤ ሆኖም ምርቱ የተፈጥሮ መሆኑን የሚያረጋግጠው የምስክር ወረቀት መንገድ ይበልጥ የሚመቸው እንደ ቡና ላለው ወደ ውጭ ለሚላክ ምርት ነው። በደብረ ታቦር ዙሪያ ለጓዳው የሚያርሰው የፋርጣ ገበሬ ሥራውን የሚያሳይበት ሌላ መድረክ ያስፈልገዋል።

የመስክ በዓል የተለመደ ነው፤ በዚያ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚጎበኘው ከምርምር የመጣው ዝርያ፣ አስረጂውም ባለሙያው ነው። በዘር ትርኢት ተራው ይገለበጣል። ደብረ ታቦር ላይ ቢደረግ ነሐሴ 13 ቀን፣ በቡሄ፣ ሕዝቡ ሙልሙል ጋግሮ በሚወጣበት ጊዜ ማድረግ ያምር ነበር፤ ነገር ግን ያኔ ዘሩ መሬት ውስጥ ነው፣ ጎተራውም የሚሳሳበት ወቅት ነው። የሚመቸው ውቂያው አልቆ እህሉ ቤት የገባበት ጥርና የካቲት ነው። ዝግጅቱ ግን ከዚያ በፊት፣ ገና ከአጨዳው ይጀምራል፦ ለዘር የሚሆነው ደህና ዛላ ከሌላው ጋር ከመወቃቱ በፊት ተመርጦ ለብቻው መታሰር አለበት።