ከሕግ የወጡ ዐሥራ አንድ ግሦች

«ሰማ» ካለ «ስማ»፣ «በላ» ካለ «ብላ» የሚል ተማሪ፣ «መጣ» ካለ «ምጣ» ማለት በተገባው ነበር። ነገር ግን ሁላችንም «ና» እንላለን። ይህንንም ከእናታችን አፍ ሰምተን ያዝነው እንጂ መምህር አላስጠናንም። ዛሬ ከዚሁ ተነሥተን ስለ አየርላንድ ቋንቋ ጥቂት እንናገራለን።

በዚህ ቋንቋ ከሥርዐት የወጡት ግሦች በሰዋስው መጻሕፍት ሲቈጠሩ 11 ብቻ ናቸው፤ እነርሱም አለ፣ ሰማ፣ አየ፣ ሄደ፣ መጣ፣ በላ፣ ሰጠ፣ አገኘ፣ ያዘ፣ አደረገ፣ ሆነ የሚሉት ናቸው። ሰው ያለ እነዚህ አንድ ቀን መዋል እንደማይችል አንባቢያችን ልብ ይበል። «ሂድ» ሲሉ «ቴይ»፣ «ሄደ» ሲሉ «ኹይ»፣ ወደ ፊት «ይሄዳል» ሲሉ «ራኺ» ይላሉ። ሦስቱ በጥንት ዘመን የልዩ ልዩ ግሦች ክፍሎች ነበሩ። ሳይስተካከሉ የቈዩበት ምክንያት ዘወትር ስለሚነገሩ ነው፤ አልፎ አልፎ ብቻ የሚነገሩ ቢሆኑ ልጆች ረስተዋቸው በሕጉ ባስተካከሏቸው ነበር።

ስሞቹም የአገሩን ታሪክ ይናገራሉ። መጽሐፍን «ልያወር»፣ ትምህርት ቤትን «ስኮል» የሚሉት ከላቲን ወስደው ነው። መስኮትን «ፊንዮግ» የሚሉት ግን ከስካንዲናቪያ በመርከብ ከመጡት ሰዎች ተቀብለው ነው፤ ፍችውም «የነፋስ ዓይን» ማለት ነበር። እነርሱም በፈንታቸው ለዓለም አበድረዋል፤ «ዊስኪ» የተባለው ስም «የሕይወት ውሃ» ከሚለው ንግግራቸው የወጣ ነው።

ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ1845 ዓ.ም. የጀመረው ታላቅ ረኃብ አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው ፈጀ፤ ከዚያ የሚበልጠውም ተሰደደ። ክፉኛ የተጐዳውም ቋንቋውን ይናገር የነበረው የምዕራቡ ድኻ ገበሬ ነበር። የ1937ቱ ሕገ መንግሥት የመጀመሪያው የመንግሥት ቋንቋ አድርጎታል፤ ልጆችም በትምህርት ቤት ይማሩታል። በ2022 በተደረገው የሕዝብ ቈጠራ ከ1.8 ሚሊዮን የሚበልጡ ሰዎች ቋንቋውን እንችላለን ብለዋል። ከትምህርት ቤት ውጭ በየቀኑ የሚናገሩት ግን 72 ሺህ እንኳ አልሞሉም።

እንግዲህ ያ ከእናት አፍ ይገኝ የነበረው «ኹይ»፣ ዛሬ ለብዙው ልጅ ለፈተና የሚሸመደድ ቃል ሆኗል። ሕግ ቋንቋን ሊያከብረው ይችላል፤ በሕይወት የሚያቈየው ግን ማታ በቤት ውስጥ የሚነገረው ነው።