የህዳሴው ዘመን ሠዓሊያንና የሰበታ፣ የቡራዩና የሱሉልታ አካባቢ ታሪካዊ ትስስር

የአውሮፓ ህዳሴ ሲነሣ የብዙዎች ሐሳብ ወደ ፍሎረንስ፣ ሮምና ቬኒስ ያመራል። ሆኖም በዚያው ዘመን በኢትዮጵያ ነገሥታት ጥላ ሥር የሠሩ ታላላቅ ሠዓሊያን እንደነበሩና ከእነርሱም አንዱ ቬኒሳዊ እንደነበር የታሪክ ሰነዶች ያረጋግጣሉ። ከሰነዶቹ አንዳንዶቹ ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ወደሚገኙበት ደጋማ አካባቢ የሚያመለክቱ በመሆናቸው፣ ጉዳዩ በእነዚህ ከተሞች የመሬትና የግንባታ ሥራን ለሚመሩ አካላትም ቀጥተኛ ፋይዳ አለው።

በኢትዮጵያ የሥዕል ታሪክ ውስጥ 15ኛው ክፍለ ዘመን የተለየ ስፍራ አለው። እ.ኤ.አ. ከ1434 እስከ 1468 የነገሡት ዓፄ ዘርዓ ያዕቆብ 33 የማርያም በዓላት እንዲከበሩ ደነገጉ። የቅድስት ድንግል ማርያም ሥዕል በሥርዓተ ቅዳሴ ወቅት እንዲቀርብም አዘዙ። ውሳኔው ሃይማኖታዊ ቢሆንም ውጤቱ በሥነ ጥበቡ መስክም ታይቷል። በእንጨት ገበታ ላይ የሚሠሩ ሥዕሎች ፍላጎት በመጨመሩ በገዳማት የሚገኙ ሠዓሊያን ሥራ ተስፋፋ።

ከእነዚህ መካከል ስሙ ጎልቶ የሚታወቀው መነኩሴው ፍሬ ጽዮን ነው። በጣና ሐይቅ በዳጋ እስጢፋኖስ ገዳም በሚገኝ ሥዕል ላይ የሠፈረው ጽሑፍ ሥራው በዓፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን በፍሬ ጽዮን እጅ መከናወኑን ይገልጻል። የኢትዮጵያ ሠዓሊያን ሥራቸውን በስማቸው መፈረም እምብዛም ባልለመዱበት በዚያ ዘመን ይህ ፊርማ የተለየ ዋጋ ያለው ማስረጃ ሆኗል። አሜሪካዊቷ የሥነ ጥበብ ታሪክ ተመራማሪ ማሪሊን ሄልድማን እ.ኤ.አ. በ1994 ባሳተሙት መጽሐፍ የዚህን ሠዓሊ ሥራዎች በስፋት አጥንተዋል።

የሁለቱ ዓለማት ግንኙነት በአንድ አቅጣጫ ብቻ የተካሄደ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1441 የኢትዮጵያ መነኮሳት በፍሎረንሱ ጉባኤ ተገኝተዋል። ፊላሬቴ የተባለው ቀራፂ እ.ኤ.አ. በ1445 ባጠናቀቀው የሮማ የቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን የነሐስ በር ላይ መልእክተኞቹን ቀርጿቸዋል። በአንጻሩ የኢትዮጵያ ነገሥታት የእጅ ጥበብ ባለሙያዎች እንዲላኩላቸው የአራጎንን ንጉሥ አልፎንሶን ይጠይቁ ነበር። ንጉሡም ቀደም ሲል የላካቸው 13 ሰዎች በመንገድ ማለቃቸውን እ.ኤ.አ. በ1450 በጻፈው ደብዳቤ አስታውቋል።

ይህን አደገኛ መንገድ አልፎ ለመግባት ከበቁት አንዱ ኒኮሎ ብራንካሌዮን ነው። ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ ወደ ሚላኖ ባቀናበት በ1480ዎቹ እ.ኤ.አ. መባቻ ብራንካሌዮን በኢትዮጵያ ቤተ መንግሥት ይገኝ ነበር። በአገሬው ዘንድ መርቆሬዎስ በሚል ስም የታወቀው ይህ ሠዓሊ የቬኒስን የቀለም አያያዝና የፊት አሣሣል ይዞ ቢመጣም፣ የግዕዝ ጽሑፍንና የአገሪቱን ልማድ በሥራው ውስጥ አካቷል። የፖርቱጋል መልእክተኞች እ.ኤ.አ. በ1520 ሲመጡ በሕይወት አግኝተውታል፤ አብሯቸው የነበረው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝም የተከበረ ሰው መሆኑን ጽፏል።

ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጀምስ ብሩስ እንዳሰፈረው፣ ብራንካሌዮን በአትሮንሰ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ሕፃኑን ኢየሱስን በእናቱ ግራ ክንድ ላይ አድርጎ በመሣሉ ከፍተኛ ተቃውሞ ተነሥቶ ነበር። ግራ እጅ ከቀኝ ያነሰ ክብር እንዳለው ይታመን ስለነበር ድርጊቱ እንደ ንቀት ተቆጠረ። ሥዕሉ የተረፈው በንጉሡ ድጋፍ ነው። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ግን ከሮም በመጣው የማርያም ሥዕል አርአያነት ሕፃኑን በግራ ክንድ የያዘችው እመቤት በመላ አገሪቱ የተወደደች ሆናለች።

ጉዳዩን ከአዲስ አበባ ዙሪያ ጋር የሚያስተሳስረው ባራራ የተባለችው የነገሥታት ከተማ ናት። ቬኒሳዊው ካርታ ሠሪ መነኩሴ ፍራ ማውሮ በ1450 እ.ኤ.አ. ገደማ በሠራው የዓለም ካርታ ላይ ባራራን አስፍሯታል። ስለ ኢትዮጵያ ያሰፈረውን መረጃ ያገኘውም ከአገሩ ተወላጅ መነኮሳት መሆኑን በካርታው ላይ ገልጿል። ፍራንቸስኮ ሱሪያኖ የተባለው ጸሐፊ ደግሞ በ1480ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ወደ ባራራ የሄዱ መልእክተኞች በቤተ መንግሥቱ ኢጣሊያውያንን ማግኘታቸውን ሲያወሳ፣ ከእነርሱ መካከል ብራንካሌዮንን በስም ይጠቅሳል።

ሃርትቪግ ብሬተርኒትስና ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተሙት ጥናት ከተማዋን በዝቋላና በመናገሻ ተራሮች መካከል ያደርጓታል። ሌሎች ደግሞ ሱሉልታን ከአዲስ አበባ ወደሚለየው የእንጦጦ ሰንሰለት ያመላክታሉ። በሰበታ በኩል የሚደረስበት የመናገሻ ሱባ ደንም ዓፄ ዘርዓ ያዕቆብ ከወፍ ዋሻ ባስመጡት የጥድ ዘር እንደተተከለ በትውፊት ይነገርለታል። ባራራ የነበረችበት ትክክለኛ ስፍራ እስካሁን ተመራማሪዎችን እያከራከረ ይገኛል። ክርክሩን ሊቋጭ የሚችለው በመሬት ውስጥ የሚገኝ ቁሳዊ ማስረጃ ነው።

በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሥር የተጠቃለሉት ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ባለፉት አስርት ዓመታት ፈጣን የግንባታ እንቅስቃሴ የተካሄደባቸው ናቸው። ለፋብሪካ፣ ለመንገድና ለመኖሪያ ቤት መሠረት በሚቆፈርበት ጊዜ የግንብ ፍርስራሽ፣ የሸክላ ስባሪ ወይም የመቃብር ምልክት ሊወጣ ይችላል። ስለ ቅርስ ጥናትና አጠባበቅ የወጣው አዋጅ ቁጥር 209/1992 በዚህ ረገድ ግልጽ ግዴታ አስቀምጧል። በማዕድን ፍለጋ፣ በሕንፃ ወይም በመንገድ ሥራ ቁፋሮ ቅርስ ያገኘ ማንኛውም ሰው ወዲያውኑ ለሚመለከተው ባለሥልጣን ማስታወቅና ባለሥልጣኑ እስኪረከበው ድረስ እንዳለ ጠብቆ ማቆየት ይኖርበታል።

የፍሬ ጽዮን ፊርማ ለዘመናችን የደረሰው በገዳሙ አባቶች ጥበቃ ነው። የብራንካሌዮን ሥዕል ከቁጣ የዳነውም ሥልጣን የነበረው አካል በወቅቱ በወሰደው አቋም ነው። ሠዓሊውን ያስተናገደችውን ከተማ ዱካ የማትረፉ ኃላፊነት ደግሞ ዛሬ በአብዛኛው የሚወድቀው የግንባታ ፈቃድ በሚሰጡ፣ ቁፋሮ በሚቆጣጠሩና የግኝት ሪፖርት በሚቀበሉ የመንግሥት ሠራተኞች ላይ ነው።