በሰከንድ አስር ጊዜ

ከስልክ ወይም ከታብሌት ጋር በብሉቱዝ የሚገናኘው የጂፒኤስ መቀበያ መዳፍ ውስጥ የሚገባ ትንሽ ሳጥን ነው። ያለበትን ቦታ ያሰላል፣ ለስልኩ ይልካል፤ በቃ። ስልኩ የራሱ ጂፒኤስ እያለው ይህ ለምን አስፈለገ? ለብዙዎቻችን አያስፈልግም። የሚያስፈልጋቸውም ቢሆኑ ሲገዙ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ያምታታሉ፤ ትክክለኛነትንና ፍጥነትን።

የጂፒኤስ ሳተላይቶች ከምድር 20,200 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው ይዞራሉ። መቀበያው ቢያንስ ከአራቱ የሚመጣው ምልክት በጉዞ ላይ የፈጀውን ጊዜ ይለካል። ምልክቱ የሚጓዘው በብርሃን ፍጥነት ስለሆነ፣ የሰከንድ አንድ ቢሊዮንኛ የምታህል ስሕተት ርቀቱን በ30 ሴንቲ ሜትር ገደማ ታዛባለች። ሰማዩ ሲገለጥ ተራ ስልክ 5 ሜትር ያህል ይስታል። ፎቅ በበዛበት መንገድ ግን ምልክቱ ግድግዳ እየመታ ዞሮ ስለሚመጣ ስሕተቱ በጣም ይሰፋል። የውጭ መቀበያ የሚበልጠው እዚህ ላይ ነው፤ አንቴናው ሰፋ ያለ ነው፣ ስልኩ ኪስ ውስጥ ተቀምጦም እሱን ሰማይ በሚያይ ቦታ፣ ለምሳሌ የመኪናው መስታወት ሥር፣ ማኖር ይቻላል።

ፍጥነቱ ሌላ ጉዳይ ነው። ስልክ አብዛኛውን ጊዜ ቦታውን በሰከንድ አንዴ ያድሳል። እንደ ጋርሚን ግሎና ዱዋል ኤክስጂፒኤስ 160 ያሉት መቀበያዎች በሰከንድ አስር ጊዜ ያድሳሉ፤ ካርቶኑ ላይ «10 ሄርዝ» የሚባለው ይህ ነው። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የሚበር መኪና በአንድ ሰከንድ 28 ሜትር ያህል ስለሚሄድ፣ በስልኩ ካርታ ላይ መታጠፊያው ተቆርጦ ይታያል። በአስሩ ግን በነጥብና በነጥብ መካከል ያለው ርቀት 3 ሜትር አይሞላም። የመኪና ተወዳዳሪዎችና አይፓድ ላይ ካርታ ዘርግተው የሚበሩ የአነስተኛ አውሮፕላን አብራሪዎች የሚወዱት ለዚህ ነው። በዋይፋይ ብቻ የሚሠራ አይፓድማ ከነጭራሹ ጂፒኤስ የለውም። ለእግረኛ በሰከንድ አንዴ ይበቃዋል።

ታዲያ አስር ጊዜ መለካት ስሕተቱን አስር እጥፍ አይቀንስም። አምስት ደቂቃ የሚዘገይ ሰዓትን ደጋግመው ቢያዩት አምስት ደቂቃው እንዳለ ነው። ስሕተቱን የሚቀንሰው እርማት ነው። ዋስ የተባለው የሳተላይት እርማት ለሰሜን አሜሪካ፣ ኤግኖስ ደግሞ ለአውሮፓ የተዘረጉ ናቸው፤ ዘመድ ከአሜሪካ የላከው መቀበያ «ዋስ አለው» ቢባልም አዲስ አበባ ላይ ያ ጥቅም የለም። በሴንቲ ሜትር ደረጃ መለካት የሚፈልግ ቀያሽ አርቲኬ የሚባለውን ዘዴ ይጠቀማል፤ ቦታው አስቀድሞ በትክክል በታወቀ ነጥብ ላይ የተተከለ ሌላ መቀበያ እርማቱን በየቅጽበቱ ይልክለታል። ዋጋው ግን በጣም የተለየ ነው።

አገራችን ላይ ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ። በርካታ የቆዩ ካርታዎቻችን የተሠሩት አዲንዳን በሚባለው የልኬት መነሻ ሲሆን ጂፒኤስ የሚጠቀመው ደብልዩጂኤስ 84ን ነው። አንዱን ወደ ሌላው ሳይቀይር ሁለቱን ያደባለቀ ሰው፣ መቀበያው ምንም ያህል ውድ ቢሆን፣ ከ100 ሜትር በላይ ይስታል።

ልትገዙ ካሰባችሁ ለአይፎን በአፕል ፈቃድ የተሠራ መሆኑን አረጋግጡ። በአንድሮይድ ብዙ ጊዜ የገንቢዎች ምርጫ ውስጥ ገብቶ ከውጭ የሚመጣ ቦታን መፍቀድና ረዳት አፕ መጫን ያስፈልጋል። ይህን ሳታደርጉ ብሉቱዙ ቢገናኝም ስልኩ የራሱን ጂፒኤስ ማንበቡን ይቀጥላል።