ሚዛን የማይናገረው ልዩነት

«ኪሎህ ስንት ነው?» መባባል በእኛ በተማሪዎች ዘንድ የተለመደ ነው። እኔም ባለፈው ዓመት በዚሁ ጥያቄ ምክንያት ስሕተት ስለ ሠራሁ፣ ለጓደኞቼ ይጠቅማል ብዬ የተማርሁትን በአጭሩ እገልጻለሁ።

በስፖርት ክፍለ ጊዜ በተመዘንን ጊዜ እኔና አብሮኝ የሚቀመጠው ጓደኛዬ እኩል 62 ኪሎ ሆንን፤ ቁመታችንም እኩል ነው። ነገር ግን እርሱ ከልጅነቱ ጀምሮ ኳስ ተጫዋችና ሯጭ ሲሆን፣ እኔ ከወንበር የማልነሣ ነበርሁ። የእርሱ ሱሪ ወገቡ ላይ ሲሰፋው የእኔ ይጠበኝ ነበር። ኪሎአችን እኩል ከሆነ ልዩነቱ ከየት መጣ?

ምክንያቱ እንዲህ ነው። የሰው ክብደት የጡንቻ፣ የአጥንት፣ የስብና የሌላውም የሰውነት ክፍል ድምር ነው። አንድ ሊትር ጡንቻ 1.06 ኪሎ ያህል ሲመዝን፣ አንድ ሊትር ስብ ግን 0.9 ኪሎ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ክብደታቸው እኩል ቢሆን ስቡ ሰፋ ያለ ቦታ ይይዛል። በጉርምስና ጊዜ የወንድ ልጅ ጡንቻ በተፈጥሮው ያድጋል፤ ስፖርት የሚሠራው በዚያ ላይ ይጨምርበታል፤ አጥንቱም ሩጫውንና ዝላዩን ሲሸከም ይጠነክራል። ይሁን እንጂ የዘርም ድርሻ አለበትና ስፖርተኛ ሁሉ አንድ መልክ የለውም።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1942 ዓ.ም. አልበርት ቤንኪ የተባለው የአሜሪካ ባሕር ኃይል ሐኪምና የሥራ ባልደረባው 25 የአሜሪካን እግር ኳስ ተጫዋቾችን መረመሩ። በክብደት ሠንጠረዥ ቢታይ 17ቱ ከመጠን ያለፈ ክብደት ስላላቸው ለውትድርና አይበቁም የሚያሰኝ ነበር። ስብ በውሃ ላይ ይንሳፈፋል፣ ጡንቻ ግን ይሰጥማል፤ ስለዚህ ተጫዋቾቹን በውሃ ውስጥ መዝነው ሲያዩ የአብዛኞቹ ክብደት ከጡንቻ የመጣ፣ ስባቸውም ጥቂት ሆኖ ተገኘ።

እኔ ግን ይህን ሳላውቅ ኪሎዬን ለመቀነስ ብዬ ሁለት ሳምንት ምሳ ተውሁ። 2 ኪሎ ቀነስሁ፤ ዳሩ ግን በሩጫ ከቀድሞው ይልቅ ደከምሁ፤ በክፍልም ራሴን ያዞረኝ ጀመር። የባዮሎጂ አስተማሪያችን ነገሩን በሰሙ ጊዜ፣ የተራበ ሰውነት ከስብ ጋር ውሃና ጡንቻም እንደሚያጣ፣ በማደግ ላይ ያለ ልጅም ምግብ ቢያጎድል አጥንቱና ዕድገቱ እንደሚጎዳ አስረዱኝ። ስብም ቢሆን በልኩ ሲሆን የሰውነት ስንቅና የውስጥ ብልቶች መከላከያ ነው።

ከዚያ ወዲህ በሳምንት ሦስት ቀን እሮጣለሁ፤ ምሳዬንም እበላለሁ። ዛሬ ኪሎዬ እንደገና 62 ነው፤ ቀበቶዬን ግን ከቀድሞው አንድ ቀዳዳ አጥብቄ እታጠቃለሁ።

እንግዲህ ጓደኞቼ ሆይ፣ ኪሎውን ብቻ ሰምታችሁ ማንንም «ወፍራም» ወይም «ከሲታ» ብላችሁ አታሳፍሩ። ወላጆቻችንም ልጃቸው ምሳ መተዉን ቢያዩ ምክንያቱን ቀስ ብለው እንዲጠይቁት በትሕትና እለምናለሁ።